ወንድሜ በአንድ ቀን የተወውን ሲጋራ እኔ ለምን አቃተኝ?

«ጤና ይስጥልኝ እታለም። የምጽፍልዎ ከቡሬ ነው። ዕድሜዬ 34 ነው፤ የአይሱዙ ሹፌር ነኝ። በቆሎና ጤፍ እየጫንኩ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ሲጋራ የጀመርኩት በ15 ዓመቴ፣ ረዳት ሳለሁ ነው። ሹፌሩ ‹ለኩስልኝ› ይለኛል፤ እኔም ለኩሼ አቀብለዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ገባሁበት። አሁን በቀን አንድ ፓኮ አይበቃኝም። መንገድ ተዘግቶ ሰልፍ ላይ ከቆምኩማ አይጠየቅም።

ወንድም ዓለም ከኔ ቀድሞ ነው የጀመረው። ግን በቀን ሦስት አራት ፍሬ፣ ቢበዛ አምስት ነበር የሚያጨሰው። አምና ፍልሰታ ሲገባ ‹በቃኝ› አለ፤ በቃው። ራሱን እንኳ አላመመውም። እኔ ስሞክር በሁለተኛው ቀን ሰውነቴ ይጠፋኛል። ከሚስቴ እጣላለሁ፣ ረዳቴን እሳደባለሁ፣ እንቅልፍ የሚባል የለም። በሦስተኛው ቀን ሱቅ በር ላይ ነኝ። በጾም ከቅዳሴ በፊት አላጨስም፤ ቅዳሴው እንዳለቀ ግን ሁለቱን አከታትዬ ነው የምስባቸው።

ወንድሜ ‹ወኔ የለህም› ይለኛል። እናቴ ደግሞ ‹ዘሩ ነው፤ አባትህም ጋያውን ከአፉ ሳይነጥል ነው የሞተ› ትላለች። ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም ‹የሲጋራ ሱስ ጂን ተገኘ፣ በምራቅ ይመረመራል› የሚል ነገር ላከልኝ። እውነት በደሜ ያለ ነገር ነው? ከሆነስ ምን አለፋኝ? ሚስቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ልጄስ ይወርሰው ይሆን?»

ወንድሜ፣ እንዴት ሰነበትክ? ባለቤትህን እግዚአብሔር በሰላም ያገላግላት።

ከእናትህ ቃል ልጀምር። «ዘሩ ነው» ያሉት ውስጥ እውነት አለ። ሰው በቀን ስንት ፍሬ እንደሚያጨስ፣ ሊተወው ሲነሳም ምን ያህል እንደሚፈተን፣ ከእናት ከአባቱ የወረሰው ነገር ድርሻ አለው። ይህ በደንብ የተጠና ነው። ወንድምህ «ወኔ የለህም» ያለህ ግን ልክ አይደለም። የሳባችሁት ሲጋራ አንድ ዓይነት ቢሆንም የያዛችሁ አራራ እኩል ላይሆን ይችላል። እሱ ያለፈው ቀላል መንገድ ከሆነ ያንተን ዳገት በሱ ሊለካው አይገባም።

ለምን እንደሆነ ላስረዳህ። ትንሽ ረዘም ይልብሃል፤ ግን ነገሩ ካልገባህ በራስህ ላይ መፍረድህን አታቆምም።

ሲጋራ ስትስብ ኒኮቲኑ በሳንባህ በኩል ገብቶ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ አንጎልህ ይደርሳል። እዚያም ዶፓሚን የሚባለውን፣ ደስታና እፎይታ የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ያስለቅቃል። ከዚያ ጉበትህ ሥራ ይጀምራል። ኒኮቲኑን ኮቲኒን ወደሚባል ሌላ ነገር ይለውጠዋል። በ2 ሰዓት ገደማ በደምህ ከነበረው ኒኮቲን ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ያኔ ነው «አምጣ» የሚልህ።

ይህን የማጽዳት ሥራ በብዛት የሚሠራው ሲ-ዋይ-ፒ-2-ኤ-6 የሚባል የጉበት ኢንዛይም፣ ማለትም ንጥረ ነገርን የሚለዋውጥ የሰውነት ሠራተኛ፣ ነው። ኢንዛይሙን የሚያመርተው ጂን፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረሰው የአሠራር መመሪያ፣ ከሰው ሰው ይለያያል። የአንዱ ፈጣን ነው፤ የሌላው ዝግተኛ። በጃፓን ለምሳሌ ይህ ጂን ጭራሽ የጎደለባቸው በርካታ ሰዎች አሉ። ኒኮቲን ቶሎ የማይወጣለት ሰው ጠዋት የሳባት አንዲት ፍሬ ረጅም ሰዓት ታቆየዋለች። እንዲህ ያሉ ሰዎች በአማካይ ጥቂት ያጨሳሉ፤ ለመተውም ይቀላቸዋል። ጉበቱ ፈጣን የሆነው ግን ቁራጩን ጥሎ ብዙ ሳይቆይ ሌላ ያምረዋል።

ወንድምህ ከየትኛው ወገን እንደሆነ እኔ እዚህ ሆኜ መናገር አልችልም። ግን ዓመቱን ሙሉ በቀን በአራት ፍሬ ኖሮ፣ ራሱን እንኳ ሳያመው የተወ ሰው ጉበቱ ዝግተኛ ቢሆን አይገርመኝም። የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች መሆናችሁም ይህን አይከለክልም። ወላጆች እያንዳንዱን ጂን በሁለት ቅጂ ይይዛሉ፤ ለልጃቸው የሚሰጡት አንዱን ነው። ለአንተ የደረሰህ ለሱ ላይደርሰው ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ያለው አንጎል ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጓደኛህ በቴሌግራም የላከልህ ወሬ መነሻው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ሦስት የተመራማሪ ቡድኖች በአንድ ሰሞን ውጤታቸውን አሳተሙ። አንደኛው ካሪ ስቴፋንሰን የሚመሩት የአይስላንድ ቡድን ነበር። ሦስቱም ያመለከቱት ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ጂኖች ተደርድረው ከተቀመጡባቸው ክሮች ወደ አንዱ፣ ወደ 15ኛው ክሮሞዞም። እዚያ አካባቢ ኒኮቲን አንጎል ውስጥ የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች የሚሠሩ ጂኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንዱ ሲ-ኤች-አር-ኤን-ኤ-5 ይባላል። ጂን እንደ ጽሑፍ በፊደላት የተደረደረ ነው ብለህ ቁጠረው፤ በዚህ ጂን ላይ የአንዲት ፊደል ለውጥ አለች። ይህችን ለውጥ ከአንዱ ወላጁ የወረሰ አለ፤ ከሁለቱም የወረሰ አለ፤ ከማንም ያልወረሰም አለ።

ለውጧ ምን ታደርጋለች? እ.ኤ.አ. በ2011 እነ ፖል ኬኒ አሜሪካ ውስጥ በአይጦች ላይ ያደረጉት ምርምር ጥሩ ፍንጭ ሰጥቷል። አይጦቹ ማንሻ ሲጫኑ ኒኮቲን ወደ ደማቸው ይገባል። ተቀባዩ የተሟላለት አይጥ መጠኑ ሲበዛ ያስጠላዋል፤ ያቆማል። ከዚያ ጂን የሚሠራው ክፍል የሌለው አይጥ ግን መጠኑ ቢበዛም መጫኑን ይቀጥላል። ተመራማሪዎቹ የጎደለውን ክፍል በአንጎሉ ውስጥ ሀቤኑላ በሚባለው ቦታ ሲመልሱለት፣ አይጡም ወደ ልኩ ተመለሰ። አንተ ሹፌር ነህና ይገባሃል፤ ከደጀን የዓባይን ቁልቁለት በላላ ፍሬን እንደመውረድ ነው። ጂኑ ሲጋራ አያስጀምርህም። «አሁንስ በቃ» የሚለውን የሰውነት ምልክት ነው የሚያደክመው።

አሁን ልብ ብለህ አንብብ። ይህ ሁሉ የተባለለት ለውጥ በቀን ስንት ፍሬ የሚጨምር ይመስልሃል? አንዱ ቅጂ በአማካይ አንድ ፍሬ ገደማ ነው። ከሁለቱም ወላጁ የወረሰ ሰው ሁለት ፍሬ ገደማ። ከማጨስ መጠን ጋር ከተያያዙት የጂን ለውጦች ሁሉ ጎልቶ የወጣው ይኸው ነው እንግዲህ። ከምታጨሰው ፓኮ ውስጥ ብዙውን እሱ አላመጣውም።

ሌላም ነገር አለ። ፍሬ መቁጠር ብቻውን ያሳስታል። ተመራማሪዎች በደም ውስጥ ያለውን ኮቲኒን ሲለኩ የዚህ ጂን ተጽዕኖ በፍሬ ሲቆጠር ከሚታየው ጠንከር ብሎ አግኝተውታል። ለውጡ ያለበት ሰው ያችኑ አንዲት ፍሬ ጠለቅ አድርጎ፣ ደጋግሞ ይስባታል ማለት ነው። አንተም ቁጥሩን ቀንሰህ ሳለ እስከ ጫፏ ድረስ እየማግክ ከሆነ፣ የገባብህ ጢስ የቀነስከውን ያህል አልቀነሰም።

ከ2008 ወዲህ ጥናቱ ሰፋ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ 1.2 ሚሊዮን ሰዎችን ያካተተ ምርምር ከትምባሆና ከመጠጥ ጋር የተያያዙ ከ400 በላይ የጂን ቦታዎችን አግኝቷል። የአብዛኛው ድርሻ ኢምንት ነው። ስለዚህ «የሲጋራ ሱስ ጂን ተገኘ» ሲሉህ አትቀበል። አንድ እንዲህ ያለ ጂን የለም። በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ግፊቶች ናቸው ያሉት።

መንትዮችን ያጠኑ ሰዎች ደግሞ የሲጋራ ሱስ ከሰው ሰው የሚለያይበት ምክንያት ግማሽ ያህሉ ከዘር እንደሚመጣ ይናገራሉ። ይህን ቁጥር ብዙ ሰው አጣምሞ ነው የሚረዳው። ከ20ው ፍሬ 10ሩ የአባትህ፣ 10ሩ የራስህ ነው ማለት አይደለም። በሕዝብ መካከል ስላለው ልዩነት የሚናገር ቁጥር ነው፤ ስለ አንድ ሰው ዕጣ ፈንታ አይናገርም። የቀረው ግማሽስ? ከማን ጋር እንደዋልክ፣ ሥራህ ምን እንደሆነ፣ ሲጋራው ምን ያህል ቅርብና ርካሽ እንደሆነ፣ በስንት ዓመትህ እንደጀመርክ ነው።

ይህ «በስንት ዓመትህ» የሚለው በጣም ያሳስበኛል። በዚሁ በ15ኛው ክሮሞዞም ለውጥ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ጂኑ ብዙ አጫሽ የማድረግ ኃይሉ የሚበረታው በ16 ዓመታቸውና ከዚያ በፊት በጀመሩት ላይ ነው። ዘግይተው በጀመሩት ላይ ይለዝባል። በዚያ ዕድሜ አንጎል ገና እየተሠራ ነው። አንተ በ15 ዓመትህ፣ ጋቢና ውስጥ፣ ታላቅህ የሆነ ሰው «ለኩስልኝ» ሲልህ ነው የገባህበት። ያን ልጅ ማን «ወኔ ቢስ» ይለዋል?

እግረ መንገዴን ልጠይቅህ፤ የአሁኑ ረዳትህ ዕድሜው ስንት ነው? እባክህን እሱን አታስለኩሰው። ሱቅ ልከህም አታስገዛው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል፤ በፍሬ መሸጥንም እንዲሁ። በየኪዮስኩ የምናየው ሌላ ቢሆንም ሕጉ የተጻፈው እንዲህ ላለው ልጅ ነው።

«ከሆነስ ምን አለፋኝ?» ላልከው መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ የቆየ ታሪክ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1950 ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የተባሉ እንግሊዛውያን ሲጋራና የሳንባ ካንሰር እንደሚያያዙ አሳዩ። ሮናልድ ፊሸር የሚባሉ በዘመኑ ስመ ጥር የስታቲስቲክስና የዘር ሳይንስ ሊቅ ተቃወሙ። «ማጨስንም ካንሰርንም የሚያመጣ አንድ የዘር ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ሲጋራውን ምን አመጣው?» አሉ። መንትዮችንም አስረጅ አድርገው ጠቀሱ። ፊሸር በዚያን ጊዜ የትምባሆ አምራቾች ኮሚቴ አማካሪ ነበሩ፤ ራሳቸውም ፒፓ ያጨሱ ነበር። ማጨስ ከዘር ጋር ንክኪ አለው ማለታቸው እውነት ሆነ። ካንሰሩን ሲጋራው አያመጣም ማለታቸው ግን ውድቅ ሆነ፤ እስኪጣራ ድረስም ብዙ ሰው አለቀ። ለዚህ ነው «ዘሩ ነው» የሚለው ቃል ሲጋራ ለማስቀጠል ሲውል የሚያመኝ። እናትህ በፍቅር ነው ያሉት፤ አውቃለሁ። አንተ ግን ተስፋ ለመቁረጥ ምክንያት እንዳታደርገው።

ደግሞም ተጠንቷል። ያ የ15ኛው ክሮሞዞም ለውጥ በሁለት ቅጂ ያለባቸው ሰዎች፣ ከሌለባቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ሲጋራ የሚተዉት በ4 ዓመት ገደማ ዘግይተው ነው። ይተዋሉ ግን! ሲተዉ ደግሞ የሳንባ ካንሰር ስጋታቸው የሚቀንሰው ለውጡ የሌለባቸውን ሰዎች ያህል ነው። ጂኑ ትግሉን ያከብደዋል፤ ጥቅሙን አይቀንሰውም።

ያው ዶል ከባልደረቦቻቸው ጋር 34,439 እንግሊዛውያን ወንድ ሐኪሞችን ከ1951 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ተከታትለዋል። ሳያቋርጡ ያጨሱት ካላጨሱት በ10 ዓመት ገደማ ቀድመው ሞቱ። በ40 ዓመታቸው የተዉት ግን 9 ዓመት ያህል አተረፉ፤ በ30 የተዉት ያን 10 ዓመት ሙሉ በሙሉ መለሱት ማለት ይቻላል። አንተ 34 ነህ። ጊዜ አለህ፤ ግን አታሳድረው።

ምርመራውን በተመለከተ፣ ገንዘብህን አታውጣ። ከዚያ ብር ለባለቤትህ እንቁላልና ወተት ግዛበት። አንድ ሁለት ጂን ማየት ስለ አንተ ብዙ አይናገርም። ጥናቱም በብዛት የተሠራው በአውሮፓውያን ላይ ነው። ያ ለውጥ በነሱ ዘንድ ከሦስት ቅጂ በአንዱ ገደማ ይገኛል፤ በምዕራብ አፍሪካና በምሥራቅ እስያ ሕዝቦች ዘንድ ግን ብርቅ ነው። እኛ ደግሞ የራሳችን መልክ አለን። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት፣ ኮዴን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻና ሌሎች መድኃኒቶችን የሚሰባብረውን ሲ-ዋይ-ፒ-2-ዲ-6 የሚባል ሌላ የጉበት ኢንዛይም የሚሠራው ጂን፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን በ29 በመቶው ላይ ተደራርቦ አግኝቶታል፤ ከአውሮፓውያን እጅግ ይበልጣል። ኒኮቲንን የሚያጸዳው ዋናው እሱ አይደለም። ይህን ያነሳሁት የፈረንጅ ቁጥር ሁሉ እንዳለ ለኛ እንደማይሠራ እንድታይ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውጤቱ ይህም ሆነ ያ፣ ሐኪሙ «ተው» ነው የሚልህ።

ከምራቁ ምርመራ የሚሻል ጥያቄ አለ፤ በነጻ ነው። ጠዋት ከነቃህ በኋላ የመጀመሪያዋን ፍሬ በስንት ደቂቃ ትለኩሳለህ? ሐኪሞች የሱሱን ጥንካሬ ከሚለኩባቸው ነገሮች ዋናው ይህ ነው። በ5 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ ሱስህ ብርቱ ነው። በ30 ደቂቃ ውስጥ ከሆነም ቀላል አይደለም። የአንተ ከፓኮ በላይ መሆኑ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱን ማከታተልህ፣ በሁለተኛው ቀን ሰውነትህ መጥፋቱ፣ ሁሉም የሚናገረው አንድ ነገር ነው። ብርቱ ሱስ አለብህ። ብርቱ ሱስ ያለበት ሰው ደግሞ በባዶ እጁ መታገል የለበትም።

እስካሁን የሞከርከው የወንድምህን መንገድ ነው። እሱ «በቃኝ» ብሎ ስለተወ አንተም እንደሱ ልትሆን ፈለግክ። ለአንተ የሚሆነው በመድኃኒት ታግዞ መተው ነው። በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኒኮቲን አለ፤ ኒኮቲን ያለበት ማስቲካም አለ። ኒኮቲኑን ቀስ አድርገው እየሰጡ ጢሱን ያስቀሩልሃል። የሚገድለው በብዛት ጢሱ ነው። ከፓኮ በላይ ለሚያጨስ ሰው የሚለጠፈውንና ማስቲካውን አንድ ላይ መጠቀም ከአንዱ ብቻ ይሻላል። ማስቲካው እንደ ተራ ማስቲካ አይላመጥም፤ ትንሽ አላምጠህ አፍህን መለብለብ ሲጀምር በጉንጭህና በድድህ መካከል ታሳርፈዋለህ። እንክብሎችም አሉ፤ ቡፕሮፒዮንና ቫሬኒክሊን ይባላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ኒኮቲኑን በ2009፣ ሁለቱን እንክብሎች በ2021 እ.ኤ.አ. መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ከጂን ጋር የሚያገናኝ ነገርም አላቸው። ጉበታቸው ኒኮቲንን በፍጥነት የሚያጸዳ ሰዎች በሚለጠፈው ከሚረዱት ይልቅ በቫሬኒክሊን የበለጠ እንደሚረዱ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

በየወረዳው ፋርማሲ ላታገኛቸው ትችላለህ። አዲስ አበባ ስትገባ ወይም በደብረ ማርቆስ ስታልፍ ሆስፒታል ግባና ሐኪም አማክር። ሁለት ነገር ሳትደብቅ ንገረው። የሚጥል በሽታ ታሞ የሚያውቅ ሰው ቡፕሮፒዮን አይሰጠውም። ሹፌር መሆንህንም ተናገር፤ ቫሬኒክሊን አንዳንዱን ሰው ያዞረዋል፣ እንቅልፉንም ያውካል። እንዴት እንደሚያደርግህ ሳታውቅ ዓባይን አትውረድበት።

ቡናን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የሲጋራ ጢስ ጉበት ካፌይንን በፍጥነት እንዲያጸዳ ያደርጋል። ጢሱን ስታቆም ጉበቱ ወደ ልኩ ይመለሳል። ያን ጊዜ የለመድከው ቡና ደምህ ውስጥ እስከ እጥፍ ድረስ ይከማቻል። ልብህ ይመታል፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይነሳሃል። አንተም «ሲጋራው ነው፣ አልቻልኩም» ትላለህ። «እንቅልፍ የሚባል የለም» ካልከው ውስጥ የቡናው ድርሻ ምን ያህል እንደነበር ማን ያውቃል? በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናህን በግማሽ ቀንስ። አቦሉን ጠጣ፤ ቶናና በረካውን ለሌላ ሰው ተው። ባለቤትህም ነፍሰ ጡር ስለሆነች ቡና ማብዛት የለባትም፤ አብራችሁ ቀንሱ። አረቄና ጠላ ያለበት ቦታም ለጊዜው ይቅርብህ። ብዙ ሰው የሚመለሰው እዚያ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሱቅ በር ላይ መገኘትህም አያሳፍርም። አራራው ጫፍ የሚደርሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ገደማ ነው። አንተ ሁልጊዜ የወደቅከው በጣም በከፋው ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ እየቀለለ ይሄድ ነበር። አብዛኛው ሕመም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይረግባል። አንዱ አራራ ሲመጣም ደቂቃዎች ቆይቶ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ የምትተውበትን ቀን ጭነት በሌለህ ሳምንት አድርገው። ሦስተኛው ቀን መሪ ላይ አያግኝህ። ከዚያ በፊት ጋቢናውን አጽዳው፤ መተርኮሻውንም ላይተሩንም አውጣ፤ የወንበሩን ጨርቅ እጠበው። ሽታው ራሱ ይጠራልና።

«ቀነስ ባደርገውስ?» እንዳትለኝ። በቀን አንዲት ፍሬ ብቻ የሚያጨስ ሰው እንኳ፣ 20 ፍሬ በሚያጨሰው ላይ ከሚጨመረው የልብ ሕመም ስጋት ግማሽ ያህሉ አለበት። ወንድምህም በአራት ፍሬው አልተረፈም ነበር፤ መተዉ ነው የጠቀመው።

አሁን ስለ ልጅህ። ልጅህ ግማሹን ጂን ከአንተ፣ ግማሹን ከእናቱ ይወስዳል። ጉበትህ ፈጣን ከሆነ ሊወርሰው ይችላል፤ ላይወርሰውም ይችላል። ግን ሲጋራ ያልለኮሰ ሰው ዘሩ ምንም ቢሆን አጫሽ አይሆንም። በ15 ዓመቱ «ለኩስልኝ» የሚለው ሰው ካላገኘ፣ የወረሰው ነገር ብዙም ጉልበት አይኖረውም። ከጂንህ በፊት የሚደርሰው ጢስህ ነው። አሁን፣ ገና በማኅፀን ሳለ፣ እናቱ የምትተነፍሰው ጢስ ክብደቱን ሊቀንሰው ይችላል። ከተወለደ በኋላ ደግሞ ለሳንባ ምች፣ ለአስምና ለጆሮ ሕመም ያጋልጠዋል። ስለዚህ እስክትተው ድረስ ቤት ውስጥ አንዲት ፍሬ እንዳትለኩስ። መስኮት ከፍተህም ቢሆን አይሆንም። ባለቤትህ ጋቢና ውስጥ ካለችም እንዲሁ።

ለወንድምህም መልእክት አለኝ፤ ይህን ጽሑፍ አስነብበው። ወንድም ዓለም፣ እንኳን ተውከው፣ ጎበዝ። ታናሽህን ግን ከእንግዲህ «ወኔ የለህም» አትበለው። ሲተው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሥራህን ትተህ አብረኸው ዋል። ወደ ማሳ ውሰደው፣ እንጨት አስፈልጠው፣ አብራችሁ ተሳለሙ። ሱቅ በር ላይ ካገኘኸው አትቆጣው፤ ክንዱን ይዘህ ወደ ቤት መልሰው።

አንተም ብትወድቅ ጠዋት ተነስተህ ቀጥል። ብዙ ሰው የሚተወው ከብዙ ሙከራ በኋላ ነው። መድኃኒቱን አታቋርጥ፤ ሐኪሙ ያዘዘልህን ሳምንት ጨርስ። ቀኑን ስትቆርጥ ለባለቤትህ ንገራት፤ ሐኪሙ የሰጠህን መድኃኒት ስምና መጠን ደግሞ ጻፍልኝ፤ የጎደለ ነገር ካለ አብረን እናየዋለን።